ለዒድ ወደ ደብረ ማርቆስ፦ በቦሌ ይሻላል ወይስ በባሕር ዳር?

የረመዷን የመጨረሻዎቹ ቀናት ሲቃረቡ በብዙዎቻችን ቤት አንድ ጥያቄ በስልክ ይመላለሳል፤ «ትኬቱስ ተቆርጧል፤ ከአየር ማረፊያው በምን ይመጣሉ?» ከጅዳ፣ ከሪያድ ወይም ከዱባይ የሚነሳ ልጅ ቦሌ እስኪደርስ ብዙ አይቸገርም። ሐሳቡ የሚጀምረው ሻንጣውን ይዞ ከወጣ በኋላ ነው። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለችና። ለዒድ ወደ ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ እንግዳ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ከመንገደኞቻቸው ጋር ይመካከሩበት ዘንድ አማራጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ብዙዎቻችን በቅድሚያ የምናስበው «እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ቢመጡ አይቀላቸውም?» ብለን ነው። ሒሳቡ ግን እንደሚመስለው አይደለም። ከባሕር ዳር በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ደብረ ማርቆስ የሚገባው መንገድ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባው የሚያንሰው በ35 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ መሆኑ ነው። የአገር ውስጥ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ቢፈጅም ቀድሞ መገኘቱና ሻንጣ መጠበቁ ሲደመር ግማሽ ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ለደብረ ማርቆስ ሰው የባሕር ዳሩ ትኬት ጊዜ አይቆጥብም።

የሚያተርፈው ሌላ ነገር ነው፤ የዓባይን በረሃ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከደጋው አፋፍ ተነስቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ጠመዝማዛው ብዙ ነው፤ ጭነት የያዙ መኪኖች እየዳሁ ይሄዳሉ፤ ታችኛው ሜዳ ይሞቃል። መኪና የሚያዞረው ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አቅሙ የደከመ ሽማግሌ ካለ የባሕር ዳሩን ትኬት መግዛቱ ትርጉም የሚኖረው ያን ጊዜ ነው። ጤነኛና ወጣት ለሆነ ሰው ግን ገንዘቡ ለዒድ ቢተርፍ ይሻላል።

ቤታቸው ከከተማዋ ውጪ ለሆነ ቤተሰቦች መልሱ ይለያያል። ለደጀን ሰው አዲስ አበባ ትቀርባለች፤ በባሕር ዳር ቢመጣ ደብረ ማርቆስን አልፎ መሄድ ሊኖርበት ነው። ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና ለሞጣ ሰው ግን ባሕር ዳር በእጅጉ ይቀርባል። በባሕር ዳር ለመምጣት የወሰነ ሰው የአገር ውስጡን በረራ ከዓለም አቀፉ ጋር በአንድ ትኬት ቢቆርጥ፣ የሚፈቀድለትንም ኪሎ አስቀድሞ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። የዒድ እንግዳ ሻንጣ ቀላል አይደለምና።

ቀጥሎ የሚመጣው የተሽከርካሪው ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱት ትልልቅ አውቶቡሶች በደብረ ማርቆስ ያልፋሉ። ወንበራቸው ምቹ ነው፤ የሚነሱት ግን ገና ሳይነጋ ነው። ስለዚህ ሱሁር እዚያው ማረፊያ ቤት መበላት አለበት። የሱብሒ ሰላትም ከመሳፈሪያው ሰዓት ጋር ይጋጫልና ከመውጣታችን በፊት ወይስ እዚያው እንደደረስን እንሰግዳለን የሚለው ቀድሞ ይታሰብበት። ከመናኸሪያ የሚነሱ አውቶቡሶችና ሚኒባሶች ዋጋቸው ይቀላል፤ ሲሞሉ ስለሚነሱ ግን የመግቢያ ሰዓታቸው አይታወቅም። አራትና አምስት ሆኖ ከነሻንጣው ለሚመጣ ቤተሰብ ኮንትራት መኪና ይስማማል። ሲዋዋሉ ነዳጁ፣ የሾፌሩ አዳርና የመመለሻው ወጪ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚወስነው የመነሻው ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ስድስትም ሰባትም ሰዓት ይፈጃል። ማለዳ 12 ሰዓት የተነሳ ሰው መንገድ ላይ ቢዘገይ እንኳ ከዓስር ሰላት በፊት ሊገባ ይችላል። ቀን 6 ሰዓት የተነሳ ግን መግሪብ መንገድ ላይ ያገኘዋል። ያኔ ነው አደጋው። ውሎውን ሲጾም የቆየ ሾፌር፣ «ለኢፍጣር ድረስልን» የሚል ተሳፋሪ፣ ከዚያም የዓባይ ቁልቁለት። በሌሊት ለሚያርፍ አውሮፕላንም ምክራችን ይኸው ነው፤ በዚያው ሌሊት በሚኒባስ ከመክነፍ አዲስ አበባ አድሮ፣ አረፍ ብሎ፣ በማግስቱ በማለዳ መነሳት።

ሃይማኖታችን ለመንገደኛ ያደረገለትን ማቅለል መርሳት የለብንም። በሱረቱል በቀራ በመንገድ ላይ ያለ ሰው ጾሙን አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ተፈቅዶለታል። ባለአራት ረከዓ ሰላቶችንም ወደ ሁለት ያሳጥራል። ብዙዎቹ ዑለሞች ለዚህ የሚያስቀምጡት ርቀት 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ የኛው መንገድ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አብረው ከተጓዙት ሶሓቦች የጾመው ያልጾመውን፣ ያልጾመውም የጾመውን አልነቀፈም። በተለይ መሪ የጨበጠ ሰው ድካም ከተሰማው ይህን ፈቃድ ቢወስድ ለራሱም ለተሳፋሪውም ይበጃል። ዝርዝሩን የየመስጂዳችሁን ኢማም ጠይቁ።

መንገድ ላይ ለሚያፈጥር ሰው ሁለት ነገር እናስታውስ። አንደኛው፣ ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ በአንድ ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ስለሆነች ፀሐይ አራት ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትጠልቅባታለች። በአዲስ አበባ ሰዓት ወይም በሬዲዮ አዛን ተመርቶ ተምሩን የሚያነሳ መንገደኛ ሊቸኩል ይችላል። ሁለተኛው፣ በዓባይ ሸለቆ ውስጥ ፀሐይ ከገደሉ ጀርባ ስትሰወር መግሪብ ገባ ማለት አይደለም። ተምርና ውኃ በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ሻንጣው ጣሪያ ላይ ከታሰረ ማንም አያወርደውም። ለደጋው ብርድም ጋቢ ወይም ሹራብ አይረሳ።

ሌላው መታለፍ የሌለበት የመንገዱ ሁኔታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ሳቢያ መንገድ የሚዘጋበት፣ ትራንስፖርትም የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ባለው ምሽትና በማለዳው መንገዱን የሚመላለሱ ሾፌሮችንና እዚያው ያሉ ዘመዶችን መጠየቅ ግድ ነው። አጠራጣሪ ወሬ ካለ አንድ ቀን መቆየት ይሻላል። ለዚህም ሲባል መምጫውን ለዒድ ዋዜማ አለማድረግ፣ ሁለት ሦስት ቀን ትርፍ መያዝ ይበጃል።

በመጨረሻ እቤት ሆነን ለምንጠብቀው ለእኛ። «የት ደረሳችሁ? ሾርባው ቀዘቀዘ» እያልን በየሰዓቱ የምንደውለው ስልክ ሾፌሩን ያጣድፋል። ይልቅ «ቀስ ብላችሁ ኑ፤ ድርሻችሁ ተቀምጧል» እንበላቸው። ሳምቡሳውም ሾርባውም ተመልሶ ይሞቃል። የመንገደኛ ዱዓ ተቀባይነት አለውና ለእናንተም ለእኛም ዱዓ እያደረጉ ይምጡ። አላህ መንገደኞቻችንን ሁሉ በሰላም ያግባልን፤ ረመዷን ሙባረክ!