የተረሱ ጀግኖችና የመዘገባቸው ሰው

በእኛ ዘንድ «ኮሚክ ነው» ሲባል በአነጋገሩና በአኳኋኑ ሰውን የሚያስቅ ሰው ማለት ነው። በአሜሪካ አገር ግን ኮሚክ የሚባለው ታሪኩ በተከታታይ ሥዕል የሚነገር፣ ሰዎቹ የሚናገሩት ቃል ከአፋቸው በሚወጣ አረፋ መሰል ክብ ውስጥ የሚጻፍ ስስ መጽሔት ነው። ስሙ የተገኘው ቀድሞ በጋዜጣ ላይ ይወጡ የነበሩት እንዲህ ያሉ ሥዕሎች አብዛኞቹ የሚያስቁ ስለ ነበሩ ነው። ኋላ ግን ጀግናው፣ ወንበዴው፣ አስማተኛውና መርማሪው ሁሉ ገባበትና ሳቁ ቀርቶ ስሙ ብቻ ተረፈ።

ቴምብር የሚሰበስብ ሰው፣ የዱሮ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ብዙ ጊዜ አይተናል። እነዚህን ስስ መጽሔቶች አንድ በአንድ የሚለቅም፣ ያውም ዓለም ያወቃቸውን ጀግኖች ትቶ ማንም ስማቸውን የማይጠራቸውን ተከትሎ የሚሄድ ሰው አለ ቢባል ግን ብዙ አንባቢ «ሥራ የፈታ ሰው!» ሳይል አይቀርም። የሆነ ሆኖ ነገሩ በጥሞና ሲታይ ከጨዋታ ያለፈ ቁም ነገር አለበት። ይኸውም ሌላው የናቀውን ነገር አክብሮ የያዘ ሰው አንድ ቀን ለተበደለ ሰው ምስክር ሊሆን መቻሉ ነው።

ከአሥር ሣንቲም እስከ ስድስት ሚሊዮን ዶላር

ነገሩን ከመነሻው እንያዘው። በ1938 ዓ.ም. በአሜሪካ «አክሽን ኮሚክስ» የሚባል መጽሔት ቁጥር 1 ታተመ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዋጋው 10 ሣንቲም ነበር። በሽፋኑ ላይ ሰማያዊ ልብስ የለበሰና ቀይ ካባ የደረበ ሰው አንድ አረንጓዴ አውቶሞቢል ከራሱ በላይ አንሥቶ ከቋጥኝ ጋር ሲያላትመው ይታያል። ሱፐርማን ለሕዝብ የቀረበው በዚህ መጽሔት ነው። ደራሲው ጄሪ ሲግልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር የክሊቭላንድ ከተማ ወጣቶች ሲሆኑ፣ የጀግናቸውን መብት ለአሳታሚው የሸጡት በ130 ዶላር ነው። ከዚያ መጽሔት አንዱ ቅጅ በ2024 ዓ.ም. በሐራጅ 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።

ይህን ብዙ ሰው ያወራዋል። ብዙ ሰው የማያወራው ግን በዚያ መጽሔት ውስጥ ሱፐርማን የያዘው 13 ገጽ ብቻ መሆኑን ነው። የቀረውን ቦታ የሞሉት ሌሎች ናቸው። ዛታራ የሚባል አስማተኛ፣ ቸክ ዳውሰን የሚባል ፈረሰኛ፣ ፔፕ ሞርጋን የሚባል ስፖርተኛ፣ ስኩፕ ስካንሎን የሚባል ጋዜጠኛ፣ ቴክስ ቶምሰን የሚባል ጀብደኛ አብረው ነበሩ። ሁሉም በአንድ መጽሔት ለገበያ የወጡ ጓደኛሞች ናቸው። አንዱ በዓለም ሁሉ ሲነግሥ፣ የቀሩት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስማቸው ከልጆች አፍ ጠፋ። ባለጠጋው ገዢ ገንዘቡን የሚከፍለው ለሱፐርማን ነው። እውነተኛው ሰብሳቢ ግን አሥራ ሦስተኛውን ገጽ ገልጦ ወደ ቀጣዩ ያልፋል።

ከእነዚህ መጽሔቶች የተረፉት ጥቂቶች የሆኑበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሲጀመር እንዲቀመጡ ታስበው አልተሠሩም። ወረቀታቸው የጋዜጣ ወረቀት በመሆኑ በውስጡ ያለው አሲድ ቀስ በቀስ ይበላዋል። መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ኋላም እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ልጆች አሮጌ ወረቀት ለጦሩ እርዳታ እንዲያዋጡ ሲጠየቁ ብዙ ኮሚክ ወደ ወረቀት ፋብሪካ ተመልሶ ተፈጨ። በ1948 ዓ.ም. በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በስፔንሰር ከተማ፣ በኒው ዮርክ ግዛት ደግሞ በቢንግሃምተን ከተማ ተማሪዎች ኮሚክ ከምረው በእሳት አቃጠሉ። በ1954 ዓ.ም. ፍሬድሪክ ወርተም የሚባል የአእምሮ ሐኪም «ኮሚክ ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራል» የሚል መጽሐፍ አወጣ። ጉዳዩም በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በንዑስ ኮሚቴ ተመረመረ፤ አሳታሚዎቹም በዚያው ዓመት ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ደንብ አወጡ። እንግዲህ በዚያ ዘመን ኮሚክ የሚሰበስብ አዋቂ ሰው በጎረቤቶቹ ዘንድ ምን ይባል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

የሁለተኛው ረድፍ ማኅበር

በዚህ ሁሉ መካከል በ1933 ዓ.ም. በካንሳስ ሲቲ የተወለደ ጄሪ ቤይልስ የሚባል ልጅ ነበረ። ይህ ልጅ ልቡን የሰጠው ለአንድ ጀግና ሳይሆን «ኦል ስታር ኮሚክስ» በሚባል መጽሔት ላይ ለሚወጣ አንድ ማኅበር ነው። የአሜሪካ የፍትሕ ማኅበር የተባለው ይህ ጉባኤ በ1940 ዓ.ም. በመጽሔቱ ቁጥር 3 ሲመሠረት ስምንት ጀግኖች ነበሩበት። በየመጽሔቱ ተበታትነው ይኖሩ የነበሩ ጀግኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ በአሜሪካ ኮሚክ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ማኅበሩ አንድ አስደናቂ ደንብ ነበረው። በስሙ የራሱ መጽሔት የተቋቋመለት ጀግና የክብር አባል ይባልና ወንበሩን ለሌላ ይለቃል። ስለዚህ ሱፐርማንና ባትማን የክብር አባሎች ተባሉ እንጂ ከስብሰባው ላይ ብዙ አይታዩም ነበር። ጉባኤው በአብዛኛው የሁለተኛ ረድፍ ጀግኖች ጉባኤ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ምሳሌያችን ለዚህ ማኅበር የተነገረ ይመስላል።

ከአባሎቹ አንዱ በ1941 ዓ.ም. የተፈጠረው ዶክተር ሚድናይት ነው። በቀን ዓይነ ስውር ሐኪም ሲሆን፣ በጨለማ ግን ከማንም ይልቅ አጥርቶ ያያል፤ የሚከተለውም አንድ ጉጉት ነው። የጉልበት ጉድለት የማያውቁ ጀግኖች በሞሉበት ዘመን ይህ ሰው ጉድለቱን ወደ መሣሪያነት የለወጠ ነበር። ዎንደር ዉማን የምትባለዋ ኃይለኛ ሴት ደግሞ በ1942 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ ስትገባ የተሰጣት ሹመት ጸሐፊነት ነበር። ከወንዶቹ አብዛኞቹን በጉልበት የምታሸንፍ ሴት ቃለ ጉባኤ እንድትይዝ መደረጓ ስለዚያ ዘመን አስተሳሰብ ብዙ ይናገራል።

በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ለአፍታ ብቅ ብላ የተመለሰችም አለች። ሠዓሊው ሼልደን ሜየር የፈጠራት «ቀዩ ዐውሎ ነፋስ» የተባለች ወይዘሮ የሰፈር ግሮሰሪ ባለቤት ናት። ቀይ የውስጥ ልብስ ለብሳ፣ ለዓይን ሁለት ቀዳዳ የተበጀለት ድስት ራሷ ላይ ደፍታ ወንበዴ ትደበድባለች። ከጉባኤው የወጣችበትም ምክንያት ሱሪዋ ስለ ተቀደደ ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት አንድ ጊዜ ያገኛት አንባቢ መቼም አይረሳትም። ነገር ግን ያገኟት ጥቂቶች ናቸው።

በ1951 ዓ.ም. መጽሔቱ ቁጥር 57 ላይ ሲደርስ ማኅበሩ ያለ ስንብት ተቋረጠ። የሚቀጥለው ቁጥር የከብት ጠባቂ ፈረሰኞች ታሪክ ሆኖ ወጣ። ያን ጊዜ ቤይልስ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነበር። እኩዮቹ ሌላ ነገር ሲይዙ እሱ የጎደሉትን ቁጥሮች መፈለግ ቀጠለ።

ደብዳቤና ማባዣ መኪና

ቤይልስ የፈለገውን ለማግኘት የሄደበት መንገድ ቀላል ነው፤ ደብዳቤ ጻፈ። የማኅበሩን የመጀመሪያዎቹን ብዙ ታሪኮች የደረሰውን ጋርድነር ፎክስን አድራሻውን አፈላልጎ ተጻጻፈው፤ በመጨረሻም ደራሲው ለራሱ ያስቀመጣቸውን ቅጆች ገዛው። በ1960 ዓ.ም. ሮይ ቶማስ የሚባል የሚዙሪ ግዛት ተማሪ ለዚያው ደራሲ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲያቀርብ፣ ፎክስ «ለቤይልስ ሸጫቸዋለሁ» ብሎ አድራሻውን ሰጠው። በአንድ የተረሳ መጽሔት ምክንያት ሁለት ሰዎች ተዋወቁ።

ቤይልስ በዚያን ጊዜ በዲትሮይት ከተማ በዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ መምህር ሆኖ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ሁለቱ ሰዎች በጽሑፍ ማባዣ መኪና «ኦልተር ኢጎ» የተባለች መጽሔት አዘጋጅተው ለመሰሎቻቸው በፖስታ ላኩ። ጁሊየስ ሽዋርትዝ የሚባል የኮሚክ አዘጋጅ ደግሞ የአንባብያንን ደብዳቤ ከነሙሉ አድራሻቸው ማተም ስለ ጀመረ፣ በየከተማው ብቻውን ይሰበስብ የነበረው ሁሉ መሰሉን ማግኘት ቻለ። ሮይ ቶማስም ኋላ በ1965 ዓ.ም. ማርቭል ከሚባለው አሳታሚ ዘንድ ተቀጠረ፤ በ1972 ዓ.ም. ዋና አዘጋጅ ሆነ። በ1981 ዓ.ም. ደግሞ ዲሲ ለሚባለው አሳታሚ በጻፈው ተከታታይ መጽሔት እነዚያን የተረሱ የ1940ዎቹን ጀግኖች ወደ አንባቢ መለሳቸው።

ማን ጻፈው?

የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ሥራ ግን ጀግኖቹን ማስታወሳቸው አይደለም። ሰብሳቢ አንድን መጽሔት ደጋግሞ ሲያገላብጥ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይነሣበታል። «ይህን ማን ጻፈው? ማን ሣለው?» በዚያ ዘመን ብዙው ታሪክ የደራሲ ስም አልነበረበትም፤ ቢኖርበትም አንዳንዴ ሥራውን ያልሠራ ሰው ስም ነው። ስለዚህ ሰብሳቢዎቹ የአፍንጫ አሣሣልን፣ የእጅ አኳኋንን፣ የፊደል አጣጣልን እያስተያዩ ሠዓሊውን መለየት ተማሩ። ቤይልስም የድሮ ሠዓሊዎችንና ደራስያንን በደብዳቤ እየጠየቀ ከሄምስ ዌር ጋር ከ1973 እስከ 1976 ዓ.ም. የአሜሪካን ኮሚክ ሠሪዎች ስምና ሥራ የሚዘረዝር መዝገብ በአራት ቅጽ አሳተመ። ደመወዝ የከፈለው ድርጅት አልነበረም።

ይህ ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር የቢል ፊንገር ታሪክ ያሳያል። ባትማን በ1939 ዓ.ም. ሲወጣ በላዩ የተጻፈው የሠዓሊው የቦብ ኬን ስም ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ታሪክ የጻፈው፣ ካባውንና የፊቱን ጭምብል ያሰበለት ግን ፊንገር ነው። የፍትሕ ማኅበሩ አባል የነበረውን የመጀመሪያውን ግሪን ላንተርንም ከማርቲን ኖዴል ጋር የፈጠረው እሱ ነው። ቤይልስ ፊንገርን አግኝቶ ጠየቀውና በ1965 ዓ.ም. የሰማውን ለሰብሳቢዎች ጽፎ አሠራጨ። ኬን ወዲያው በጽሑፍ ካደ። ፊንገር በ1974 ዓ.ም. ስሙ በባትማን ላይ ሳይሰፍር ሞተ። ኬን በ1989 ዓ.ም. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ወዳጁ የሚገባውን ክብር እንዳላገኘ አመነ። አሳታሚው የፊንገርን ስም በይፋ ለመጻፍ የተስማማው በ2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት በወጣው የባትማን ፊልም ላይ ስሙ ተነበበ። በ2017 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ አንድ የመንገድ ማዕዘን በስሙ ተሰየመ።

ከ1939 እስከ 2015 ዓ.ም. ሰባ ስድስት ዓመት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ምስክርነቱን ጠብቀው ያቆዩት በገዛ ገንዘባቸው አሮጌ ወረቀት የሚለቅሙ ሰዎች ናቸው። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ይባላል። ፊንገር ግን ሥራውም የእሱ ሆኖ እሾሁም የደረሰው ለእሱ ነበር።

ማስቀመጥና ማንበብ

ዛሬ ኮሚክ መሰብሰብ ትልቅ ንግድ ሆኗል። ጠንቃቃው ሰብሳቢ መጽሔቱን ማይላር በሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ከቶ፣ አሲድ የሌለበት ካርቶን ከኋላው አድርጎ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ በሣጥን አቁሞ ያስቀምጠዋል። ይህ ደግ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን መጽሔቱን መርምሮ ከ10 ነጥብ የሚሰጥና በጠንካራ ፕላስቲክ የሚያሽግ ድርጅት ተቋቁሟል። የታሸገ መጽሔት ዋጋው ይጨምራል፤ ሳይቀደድ ግን አይነበብም። በውስጡ ያለው ዛታራም ሆነ ባለ ድስቷ ወይዘሮ እንደ ታሰረ ሰው ናቸው፤ ሽፋናቸው ይታያል እንጂ ድምፃቸው አይሰማም።

ቤይልስ ያደረገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ብርቅ የሆኑ መጽሔቶችን በማይክሮፊልም እያነሣ ሌሎች እንዲያነቧቸው አደረገ። በ2006 ዓ.ም. ሲሞት ከመጽሔቶቹ ይልቅ የሚታወሰው በመዝገቡ ነበር። ሰብሳቢና ገንዘብ አከማቺ የሚለዩት እዚህ ላይ ይመስለናል። አከማቺው ያገኘውን ይቆልፋል፤ ሰብሳቢው ያገኘውን ያሳውቃል።

«ይህ ሁሉ ለልጆች ጨዋታ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አባባሉ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ከእነዚያ ታሪኮች ብዙዎቹ በችኮላ የተሠሩና ተራ ነበሩ፤ ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው ይህን አይክዱም። ነገር ግን ተራ ሥራም ሠሪ አለው፤ ሠሪውም ስም አለው። ዛሬ በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት ያለው ወጣት በየቀኑ በእጁ የሚያልፍ ወረቀት ብዙ ነው። ከዚያ መካከል ማን እንደ ጻፈው፣ መቼ እንደ ተጻፈ ያልተመዘገበበት አይጠፋም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንላለን፤ የጸሐፊው ስም ካልተጻፈ ግን ጽሑፉም ቢሆን ወራሹን ይስታል። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ስምና ቀን ለማስፈር የሚፈጀው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።