12 ባይት እንዴት 268 ይሆናል?

አንድ ፋይል «ጋይንት» ብላችሁ ሰይማችሁ ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሴቭ አደረጋችሁ እንበል። ለዓይን አራት ፊደል ነው። ዲስኩ ላይ ግን 12 ባይት ይይዛል፤ የእኛ ፊደል በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳልና።

ኤክስት4 የተባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም በየፎልደሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ ረድፍ ይመዘግባል። መጀመሪያ ፋይሉን የሚያስገኝ ቁጥር፣ ቀጥሎ የረድፉ ርዝመት፣ ከዚያ የስሙ ርዝመት፣ በመጨረሻ ስሙ ራሱ ይሰፍራል። በቀድሞው አሠራር ለስሙ ርዝመት ሁለት ባይት ተመድቦ ነበር። የፋይል ስም ከ255 ባይት እንዳይበልጥ ስለተወሰነ ግን ርዝመቱን ለመጻፍ አንድ ባይት ይበቃል። ሁለተኛው ባይት ያለ ሥራ ከሚቀመጥ ተብሎ የፋይሉን ዓይነት እንዲናገር ተደረገ፤ ተራ ፋይል 1፣ ፎልደር 2።

አሁን አንድ ባለሙያ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ሊጽፍ ተነሣ፤ በእጁ ያለው የድሮው ሰንጠረዥ ነው። ሁለቱን ባይት አንድ ላይ ያነባቸዋል፤ 12 እና 1። በዚህ አቀማመጥ ትንሹ ባይት ስለሚቀድም ሁለተኛው ላይ ያለው 1 ዋጋው 256 ነው። ድምሩ 268። ፕሮግራሙ አራት ፊደል ያላትን «ጋይንት» 268 ባይት አድርጎ ሊያነብ የጎረቤቶቿን ረድፍ ጥሶ ይገባል። ፎልደር ብትሆን ኖሮ ደግሞ 524 ይላል። ዲስኩ ደህና ነው፣ ኮዱም የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ያረጀው ሰነዱ ነው።

የፋይል ሲስተም ሠሪዎች ይህን አስቀድመው ስለሚያውቁ ዲስኩ ራሱ ስለ ራሱ እንዲመሰክር አድርገዋል። መግቢያው ላይ ሱፐርብሎክ የሚባል ክፍል አለ፤ ዲስኩ የትኞቹን አዳዲስ አሠራሮች እንደሚጠቀም በምልክት የሚዘረዝር። አንዳንዱን ምልክት የማያውቅ ፕሮግራም ዲስኩን ጨርሶ እንዳይከፍት ይጠበቅበታል፤ ከላይ ያየነው የፋይል ዓይነት ምልክትም ከእነዚህ አንዱ ነው። ግሩም ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን የምልክቱን ትርጉም ማን ጻፈው? የትስ ተቀመጠ?

የኤክስት4ን የዲስክ አቀማመጥ በዝርዝር የሚያስረዳው ጽሑፍ ለዓመታት ከኮዱ ተነጥሎ በአንድ ዊኪ ላይ ነበር። ኮዱን የሚለውጥ ሰው ሥራው በሌሎች ገንቢዎች ይመረመርበታል፤ ዊኪው ግን ፈቃደኛ እስኪገኝ ይጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ዳሪክ ዎንግ የተባለው የሊኑክስ ገንቢ ጽሑፉን ኮዱ ራሱ ወዳለበት፣ ወደ ሊኑክስ ከርነል የሰነድ ማኅደር አስገባው። ከዚያ ወዲህ ለውጥ የሚልክ ሰው ኮዱንም ማብራሪያውንም በአንድ ጥቅል መላክ ይችላል፤ መርማሪውም «ሰነዱስ?» ለማለት ሌላ ቦታ መሄድ የለበትም። በእኔ ግምት ከማንኛውም ማሳሰቢያ የበለጠ የጠቀመው ይህ የቦታ ለውጥ ነው።

ለምሳሌዬ ጋይንትን የመረጥሁት ለፊደል ቆጠራ ብቻ አይደለም። ቤተልሔም ያለችው እዚያ ነው፤ የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ፣ ምስክር ቤት። የድጓ ተማሪ የትም ይማር የት፣ ለመመስከር ወደ ቤተልሔም ይወጣል፤ ለዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ እዚያው ጋይንት ዙር አምባ አለ። ድጓው ላይ ከግዕዙ ቃል በላይ የሚሰፍሩት የዜማ ምልክቶች፣ ማለትም ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋትና ሌሎቹ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጁ ይነገራል። በእጅ የሚገለበጥ መጽሐፍ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ አንዲት ጭረት መሳቱ አይቀርም። ምስክር ቤቱ የተበተነውን መልሶ ወደ አንድ ያመጣል። የእስቴው ቆማ የራሱ የዜማ ስልት አለው፤ ያንን ማንም ስሕተት አይለውም፣ ስሙ ተለይቶ «ቆማ» ይባላል እንጂ። ዲስኩ መግቢያው ላይ የሚይዘው ምልክትም ሥራው ይኸው ነው።

ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ቤተልሔም የምትጠብቀው እንዳይለወጥ ነው። ፋይል ሲስተም ካልተለወጠ ይሞታል፤ ስለዚህ ሰነዱ የሚሮጥ ነገር መከተል አለበት።

አንዳንዴ ደግሞ የሚያስቸግረው ያልተጻፈው ነው። ከኤክስት4 በፊት የነበረው ኤክስት3 የተጻፈውን ወደ ዲስክ የሚያወርደው በየ5 ሴኮንዱ ገደማ ስለነበር የፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህን እንደ ሕግ ቆጠሩት። ኤክስት4 ለፍጥነት ሲል ጽሑፉን በማስታወሻው ውስጥ ለግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ ያቆይ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2009 ኮምፒውተራቸው በድንገት የቆመባቸው ሰዎች መልሰው ሲያበሩት የአንዳንድ ፋይሎቻቸው መጠን ዜሮ ሆኖ ጠበቃቸው። ገንቢዎቹ «5 ሴኮንድ ብለን ቃል አልገባንም፣ እርግጠኛ መሆን የፈለገ ፕሮግራም አሁኑኑ ጻፍ ብሎ ማዘዝ አለበት» አሉ። ልክ ናቸው። ሆኖም ብዙ ሳይቆዩ ለተለመዱት አጻጻፎች መከላከያ ጨመሩ፤ እሱም በሰነዱ ውስጥ በስሙ ገባ። መብራት በቀን ሁለት ሦስቴ የሚሄድበት ከተማ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህች አንቀጽ የቅንጦት ንባብ አይደለችም።

ኮዱ ሳይነካም ሰነድ ያረጃል። «የፋይል ስም እስከ 255 ፊደል» የሚል የሊኑክስ መመሪያ በብዛት አለ። ሲጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ስለነበር አልተሳሳተም። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ግን ዓረፍተ ነገሩ ለእኛ ሐሰት ሆነ፦ 255 ለሦስት ሲካፈል 85 ነው። ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስ በባይት ስለማይቆጥር የግዕዝ ስም እስከ 255 ፊደል ይቀበላል። ስለዚህ ሙሉ ርእሱን፣ የደብሩን ስምና ወረዳውን አንድ ላይ በፋይል ስም የጻፈ የብራና ፎቶ ሰብሳቢ ዊንዶውስ ላይ ምንም ችግር አይገጥመውም፤ ወደ ኤክስት4 ዲስክ ሲገለብጥ ከ85 ፊደል ያለፈው ሁሉ ስሙ ረዘመ ተብሎ ይመለስበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስሙን ማሳጠርና ዝርዝሩን በፋይሉ ውስጥ መጻፍ። በመመሪያው ላይ ደግሞ «ፊደል» የሚለው ወጥቶ «ባይት» ቢተካ ይበቃል።