ፍሬን ከፍጥነት ይቀድማል፦ አሮጌ ላንድክሩዘርን የማደስ ፊዚክስ

በአዳማና በአዋሽ መካከል፣ በተለይ በወለንጪቲና በመተሐራ ዙሪያ ባሉት የገጠር መንገዶች፣ ከ40 ዓመት በላይ ያገለገሉ ላንድክሩዘሮችና ላንድሮቨሮች ሰውና ጭነት ይዘው ሲጓዙ ዛሬም ያጋጥማሉ። እነዚህን የመስክ ተሽከርካሪዎች አድሶ ማቆየት በቅርብ ዓመታት ይበልጥ ትርጉም አግኝቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ገንዘብ ባገኘ ቁጥር አንድ አንድ ዕቃ ከሶማሌ ተራ እየገዛ ለዓመታት ያድሳል።

ጥያቄው ከየት ይጀመር የሚለው ነው። ብዙዎች የሚጀምሩት ዓይን ከሚስበው፣ ማለትም ከሰፊ ጎማ፣ ከፍ ካለ ባሌስትራና ከቱርቦ ነው። የፊዚክስ ስሌት ግን ሌላ ቅደም ተከተል ያወጣል።

ሻንሲና ፍሬን

ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ ሲቀርብ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ሻንሲው ግን ከብረት ነበር፤ ምክንያቱም ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ ብረት እጥረት ነበር። ሁለቱ ማዕድናት በሚነካኩበት ቦታ ጨዋማ ውሃ ሲገባ ትንሽ ባትሪ ይፈጠርና አሉሚኒየሙ ይበላል። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ጨዋማ ነው፤ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ስፋቱም ከ40 በላይ ሆኗል። በዚያ ውሃ ውስጥ ያለፈ መኪና በንጹህ ውሃ ሊታጠብ፣ በሁለቱ ማዕድናት መካከልም የጎማ ወይም የፕላስቲክ መለያ ሊገባ ይገባል። ሻንሲው ራሱ ከውስጥ ዝጎ ከሆነ ሌላው እድሳት ሁሉ በአሸዋ ላይ እንደተሠራ ቤት ነው።

ቀጥሎ ፍሬን ይመጣል። ከነጭነቱ 2,000 ኪሎግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ 278,000 ጁል ገደማ ነው። በ90 ሲጓዝ 625,000 ጁል ይሆናል። ፍጥነቱ በአንድ ተኩል እጥፍ ሲያድግ ጉልበቱ ከሁለት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ለመቆም ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ከአዳማ (1,700 ሜትር ገደማ) ወደ ወለንጪቲ (1,450 ሜትር ገደማ) ሲወረድ ደግሞ ከከፍታው ብቻ 4.9 ሚሊዮን ጁል ይለቀቃል፤ ይህም ከ90 ወደ ዜሮ ስምንት ጊዜ ያህል ከመቆም ጋር ይስተካከላል። ከዚህ ውስጥ የአየርና የጎማ ሰበቃ፣ እንዲሁም በዝቅተኛ ማርሽ የተያዘ ሞተር ያልወሰዱት በሙሉ ለፍሬን ሸራው ይተርፋል።

የፍሬን ዘይትም ያረጃል፤ ከአየር እርጥበት ይመጥጣልና። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን ከእርሱ የሚጠበቀው 140 ብቻ ነው። ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት እንደ ፈሳሽ ስለማይገፋ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ዘይት መቀየር ከቱርቦ ዋጋ ጋር የማይነጻጸር ወጪ ነው፤ የሚያድነው ግን ሕይወት ነው።

ማቀዝቀዣ

በወለንጪቲ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተር ክዳን በውስጥ ያለውን ግፊት በ0.9 ባር ያህል ከፍ ሲያደርገው የመፍያ ነጥቡ ወደ 115 ዲግሪ ይደርሳል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ይህን 20 ዲግሪ ጥቅም ያሳጣል። እንግዲህ «ሞተሩ ይሞቃል» ተብሎ ቴስታታ ከመፈታቱ በፊት ክዳኑን መፈተሽ ይበጃል። ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃ በራዲያተሩ ውስጥ የሚያስቀረው ቅርፊትም ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከመዳብ ከመቶ ጊዜ በላይ ያንሳል፤ ስለዚህ ስስ ቅርፊት እንኳ ብዙ ይጎዳል።

አየርና አቧራ

ወለንጪቲ በቦሰት እሳተ ገሞራ ግርጌ ትገኛለች። የመንገዱ አቧራ በከፊል የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ነው፤ ፒስተንና ፋሻን የሚፍቅ ጠንካራ ብናኝ ነው። 3 ሊትር ሞተር በደቂቃ 2,500 ጊዜ ሲዞር በሰዓት 225 ኪዩቢክ ሜትር አየር ይስባል። በአንድ ኪዩቢክ ሜትር ውስጥ 10 ሚሊግራም አቧራ ቢኖር እንኳ በሰዓት ከ2 ግራም በላይ ወደ ሞተሩ ያመራል። ስለዚህ ጥሩ የአየር ፊልትሮ፣ ያልተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ፣ ሲቻልም አቧራው ወደሚሳሳበት ወደ ጣሪያ ከፍታ የወጣ የአየር መሳቢያ እውነተኛ ማሻሻያዎች ናቸው።

የአየሩ መሳሳት ሌላው ጉዳይ ነው። በባሕር ወለል 80 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ቱርቦ የሌለው ሞተር በወለንጪቲ በግርድፉ 68፣ በአዲስ አበባ 60 ይሰጣል። የአሮጌ ናፍጣ ሞተር ፓምፕ ከፍታ ስለማያውቅ ያንኑ ነዳጅ ይረጫል፤ ኦክስጅን ያላገኘው ነዳጅ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቱርቦ የጎደለውን አየር ይመልሳል። ሆኖም ተጨማሪ ሙቀትና ግፊት ስለሚያመጣ ተራው ከማቀዝቀዣው፣ ከፊልትሮውና ከፍሬኑ በኋላ ነው።

ጎማና ቁመት

የጎማው ራዲየስ በ10 በመቶ ሲያድግ መሬቱን የሚገፋው ኃይል በ9 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የፍጥነት መለኪያው 80 ሲያሳይ መኪናው 88 ይጓዛል፤ ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበትም በ21 በመቶ ይጨምራል። ቁመትም ዋጋ አለው። የግራና የቀኝ ጎማ ርቀት 1.4 ሜትር፣ የክብደት ማዕከሉ ከፍታ 0.7 ሜትር ቢሆን መኪናው በንድፈ ሐሳብ የሚገለበጠው በ45 ዲግሪ ተዳፋት ነው። ማዕከሉ በ10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ወደ 41 ዲግሪ ይወርዳል። ሰው በጣሪያ ላይ ሲጫን ደግሞ ከዚህም ያነሰ ይሆናል።

መዝገብ መያዝ

ውድ አንባቢያን፣ እድሳቱ ዓመታት መፍጀቱ እንደ ድክመት ይታያል፤ ለሳይንስ ግን ጥቅም አለው። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመው ማወቅ አይችልም። አንድ ዕቃ ብቻ ለውጦ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭነት የነዳጅ ፍጆታና የሞተር ሙቀት የሚመዘግብ ሰው ግን ሙከራ እያካሄደ ነው። በቤተሰባችሁ ወይም በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ መኪና ካለ ደብተር ያዙለት። የመጀመሪያውን ገጽም ለፍሬን ስጡት።