አይብ፦ ለተማሪ ገበታ ያለው ጥቅምና ስንገዛ ልናየው የሚገባ



የካምፓስ ምግብ የታወቀ ነው። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳና እራት እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር። ይህ ምግብ ኃይል ይሰጣል፤ ጥራጥሬውም ፕሮቲን አለው። ሆኖም ለደምና ለነርቭ ጤና የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ12 ከእህልና ከጥራጥሬ አይገኝም፤ በዋናነት የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ውጤቶች ነው። ሥጋ አዘውትሮ መግዛት ለማይችል ተማሪ አይብ ጥሩ አማራጭ ነው።

የአገራችን አይብ የሚሠራው እርጎ ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ ነው። የቀረው አሬራ ቀስ ብሎ ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። አብዛኛው ቅባት ከቅቤው ጋር ስለሚወጣ አይቡ ቅባቱ ያነሰ፣ ፕሮቲኑ ግን የበዛ ነው። 100 ግራም አይብ 14 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ይህም ከሁለት እንቁላል ጋር ይቀራረባል። ፕሮቲን ቶሎ ስለማያስርብ አይብ ለሱሑር ይስማማል። ጨው የበዛበት አይብ ግን ያስጠማል።

አጥንታችን ጥንካሬውን የሚያከማቸው በዋናነት እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ድረስ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ዓመታት የዚህ ጊዜ ማብቂያ ላይ ናቸው። ከ19 ዓመት በላይ ለሆነ ወጣት በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይመከራል። እንደ ቼዳር ያለ ጠንካራ አይብ 30 ግራሙ 200 ሚሊ ግራም ያህል ይሰጣል። የእኛ አይብ ግን የሚረጋው በኮምጣጣነቱ ስለሆነ ብዙው ካልሲየም ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ጎመን በአይብ እዚህ ላይ ይረዳል፤ ጎመኑ ካልሲየም፣ አይቡ ፕሮቲንና ቢ12 ይጨምራል። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰውም ብዙ ጊዜ አይብ ይቀለዋል፤ ሆድ የሚነፋው የወተት ስኳር ከፊሉ ሲረጋ ይቀንሳል፣ ከፊሉም ከአጓቱ ጋር ይወጣል።

የሐላልነቱስ ጉዳይ? አይብ በራሱ የተፈቀደ ምግብ ነው። በአቡ ዳውድ እንደተዘገበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተቡክ አይብ ቀርቦላቸው ቢስሚላህ ብለው በቢላ ቆርጠዋል። ጥያቄ የሚነሣው ወተቱን ለማርጋት ሬኔት በሚጨመርበት የፋብሪካ አይብ ላይ ነው። ሬኔት ከጥጃ ጨጓራ፣ ከዕፅዋት ወይም ከረቂቅ ተሕዋስያን ሊገኝ ይችላል። ከዕፅዋት ወይም ከረቂቅ ተሕዋስያን ከሆነ፣ ወይም ጥጃው በሸሪዓ የታረደ ከሆነ ችግር የለውም። በሸሪዓ ካልታረደ እንስሳ የተገኘውን በተመለከተ ግን ዑለማዎች ተለያይተዋል። ስለዚህ ማሸጊያውን እናንብብ፤ ከተጠራጠርን ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ። አሬራ በማሞቅ ብቻ የሚሠራው የአገራችን አይብ ሬኔት አይገባበትም።

በመጨረሻም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካልፈላ ወተት የተሠራ አይብ እንደ ብሩሴሎሲስ ያሉ በሽታዎችን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ አሬራውን ለብ ማድረግ ብቻ ጀርሙን አይገድልም። በተለይ ነፍሰ ጡር እህቶች ሊጠነቀቁ ይገባል። በተቻለ መጠን ፓስቸራይዝድ ከሆነ ወተት የተሠራውን እንምረጥ። ዶርም ውስጥ ማቀዝቀዣ ስለሌለን የዕለቱን ብቻ እንግዛ፤ ሽታው ወይም ቀለሙ የተለወጠውን እንተወው።

አላህ ጤናችሁን ይጠብቅ፤ ትምህርታችሁንም ያግራላችሁ።