ከአኮፋዳ እስከ መማሪያ ክፍል



በታኅሣሥ ወር በወልድያ ከተማ ያለፈ ሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ በትር ይዘው ወደ ምዕራብ የሚያቀኑ ምዕመናንን ሳያይ አይቀርም። መንገዱ በድልብ በኩል ሽቅብ ወጥቶ፣ ጋሸናን አልፎ ወደ ላልይበላ ያደርሳቸዋል። መሽቶባቸው ደጅ ቢጠኑ የሚያሳድራቸው አያጡም። ከደብሩ ሲደርሱም የአገሩ ሰው ወጥቶ እግራቸውን ያጥባቸዋል። «የማን ወገን ነህ? ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ የሚጠይቃቸው የለም፤ የእግዚአብሔር እንግዶች ናቸውና። እንዲህ ያለውን ልማድ ጠብቀን የኖርን ሰዎች፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ቁርስ ሳይቀምስ የተቀመጠውን ሕፃን ስለ ምን ሳናየው እንደምንቀር ይህን ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ያስጨንቀዋል።

ነገሩን ከራሴ በደል ልጀምር። ከዓመታት በፊት በዚሁ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የወላጆችና የመምህራን ኅብረት አባል ነበርሁ። የልደት በዓል ሲቃረብ ለተማሪዎቹ ዳቦ፣ ፈንዲሻና ሻይ እንዲዘጋጅላቸው ተመከረ። ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለሆነ ከዚህ ያለፈ ድግስ አላስፈለገም። ለወጪው እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ብር ይዞ እንዲመጣ፣ ያላመጣ ግን ከዝግጅቱ እንዳይገኝ ተወሰነ። ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

በዕለቱ የከፈሉትን ልጆች ስም ዝርዝር ይዤ በበሩ ላይ ቆምሁ። ከአጥሩ ሥር የቆመች አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አየሁ። ስሟ ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ገና ምንም ሳልላት «ጋሼ፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመኛ ነኝ» አለችኝ። ዲያቆን ነኝና ቃሉ ደስ አሰኘኝ፤ «ጎበዝ፣ በርቺ» ብያት ወደ ውስጥ ገባሁ። ልጅቱ ከሀብሩ ገጠር መጥታ በከተማው በሰው ቤት እየሠራች የምትማር መሆኗን፣ ያን ዕለትም እህል ሳትቀምስ እንደ መጣች የሰማሁት በዓሉ ካለፈ በኋላ ከክፍል ኃላፊዋ ነው። ረኃቧን በጾም ስም ሸፈነችው። እኔም ሳልመረምር የተቀበልኋት ቃሏ ከቃለ ጉባኤዬ ጋር ስለ ተስማማልኝ ነው።

የአብነት ትምህርት ቤት ሥርዓትን የቀመሰ ሰው እንዲህ ያለውን ውሳኔ ሊጽፍ ባልተገባው ነበር። ከመርሳ ወደ ደቡብ በዋናው መንገድ ሲወረድ ከሚገኘው ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው ምእተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ብዙ ደቀ መዛሙርትን አስተምረዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ተምረዋል። በወሎ ምድር እንግዲህ ትምህርት ቤት የትናንት ነገር አይደለም። በየደብሩ ጥላ ሥር ፊደል የሚቆጥረው፣ ዳዊት የሚደግመው፣ ዜማና ቅኔ የሚያጠናው የቆሎ ተማሪ ደግሞ ከትምህርቱ ጋር አንድ ትልቅ ማኅበራዊ ሥርዓት ይማራል። የባለጸጋ ልጅም ሆነ የድኻ ልጅ፣ ከቤቱ ወጥቶ ከየኔታ ደጅ ሲደርስ ደበሎ ይለብሳል፤ አኮፋዳውን አንግቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየቤቱ ይለምናል። የሀብታሙ ልጅ መለመን ሳያስፈልገው ይለምናልና፣ ድኻው በልመናው የሚያፍርበት ምክንያት አይኖርም። ሲመለሱም ያገኙትን ቁራሽ በአንድነት አቅርበው ይካፈላሉ። ከመንደሩ ሁሉ ውሻ አባርሮት ባዶ አኮፋዳ ይዞ የተመለሰውም ጾሙን አያድርም። በትምህርቱ ገፋ ያለው ደግሞ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የኔታ ሁሉን በየተራ ለማድረስ ጊዜ የላቸውምና። በእርግጥ ይህ ኑሮ እከክና ብርድ፣ ተስቦም የበዛበት ነበር። ብዙ ሕፃናት ጎድተውበታል፤ ስለዚህ ይመለስ የሚል የለም። ነገር ግን የዛሬው ትምህርት ቤት ከዚያ ሥርዓት ደበሎውን ትቶ ማዕዱን ሊወርስ ይገባው ነበር።

ማዕዱ ከአበው የተወረሰ ነው። በ4ኛው ምእተ ዓመት በቂሣርያ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ ቅዱስ ባስልዮስ በስብከቱ የባለጸጎችን ጎተራ አስከፍቶ ሕዝቡን በአንድነት መግቧል፤ ኋላም ከከተማይቱ ውጭ ለድውያን፣ ለመጻተኞችና ለድኾች መጠለያ አሠርቷል። ዮሐንስ አፈወርቅም በቁስጥንጥንያ ሊቀ ጵጵስና በተሾመ ጊዜ የመንበሩን ወጪ ቀንሶ ለሕሙማን ቤት አውሎታል። ቤተ መቅደሱን በሐር እያስጌጡ ከደጁ የቆመውን ዕርቃኑን መተው ምን ይጠቅማል ብሎ ያስተማረውም እርሱ ነው። እነዚህ አበው ከኬልቄዶን መለያየት በፊት የነበሩ ናቸውና ለምሥራቁም ለምዕራቡም አባቶች ናቸው።

ስለዚህ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን «ማኅበራዊ ትምህርት» ብላ የምትጠራውን ስናነብ እንግዳ አይሆንብንም። በዚህ ስም የሚታወቀው የጳጳሳት መልእክት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ሊዮን 13ኛ በዚያ ዘመን በፋብሪካ ይጎሳቆሉ ስለ ነበሩት ሠራተኞች ደመወዝና መብት ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1931 ደግሞ ፒዮስ 11ኛ፣ ታናሹ ማኅበር በራሱ ሊፈጽመው የሚችለውን ሥራ ታላቁ አካል ሊነጥቀው እንደማይገባ፣ ይልቁንም ሊደግፈው እንደሚገባ አስረዱ። ለእኛ አገር ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም፤ ዕድርን፣ ሰንበቴን፣ ደቦንና ወንፈልን ማሰብ ይበቃል። በሃይማኖት ሥርዓት ከእነርሱ ጋር የተለያየንበት ነገር የታወቀ ነው። በጎ ሥራን መመርመር ግን ነውር የለውም። በ17ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ በፈረንሳይ አገር የተነሣው ዮሐንስ ባፕቲስት ዴላሳል፣ የድኾችንና የባለ አቅሞችን ልጆች በአንድ ክፍል አስቀምጦ በነጻ ያስተምር ነበር። በአዲስ አበባ የቅዱስ ዮሴፍን ትምህርት ቤት ያቋቋሙት የእርሱ ማኅበር ወንድሞች ናቸው።

ወደ ወሎ እንመለስ። ይህ ምድር በ1965 እና 1966 ዓ.ም. በረኃብ ሲያልቅ ነገሩ ለጊዜው ተሸሽጎ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ዳግመኛ ሲመጣ ይህ ጸሐፊ ገና ሕፃን ነበር። በዚያን ጊዜ የእኛ ቤተ ክርስቲያን በ1964 ዓ.ም. ባቋቋመችው የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን በኩል፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም በየድርጅቶቻቸው እህል አድርሰዋል። እህሉን የተቀበለ ሰው ጆንያውን የላከው በየትኛው ጉባኤ እንደሚያምን አልጠየቀም።

ዛሬ የሀብሩን መንገድ የሚሄድ ሰው በመርሳ ማንጎና ብርቱካን፣ በጊራና መስኖ፣ በሲሪንቃ የምርምር ማሳ ዓይኑ ይለመልማል። መምህሩ ግን ሌላ ነገር ያያል። በጥቅምትና በኅዳር ማሽላው ሲያፈራ የክፍሉ ወንበር ይጎድላል፤ ልጆቹ ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ወፍ ይጠብቃሉና። በገበያ ቀንም እንዲሁ ነው። ሴቷ ልጅ ውኃ ቀድታ፣ እናቷ ገበያ ስትሄድ ታናሾቿን ጠብቃ ትዘገያለች። ይህን እንደ ስንፍና ቆጥሮ ከበር የሚመልስ ትምህርት ቤት አለ። ጎረቤታሞች ማሽላቸውን በተራ እንዲጠብቁና ልጆቹ እንዲማሩ ከሽማግሌዎች ጋር የሚመክር መምህርም አለ። ሁለተኛው ያለ ምንም በጀት የሚሠራ ነው። በነገራችን ላይ፣ ደብተር ያላመጣን ልጅ ወደ ቤት መስደድ ደብተር እንደማያስገኝለት ለማወቅ የሥነ ትምህርት ዲግሪ አያስፈልግም።

የወሎ ክፍል ሌላም ጸጋ አለው። ኃይለ ማርያምና መሐመድ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም ዘመዳሞች መገኘታቸውም የቆየ ነው። የሥጋው ነገር በየሃይማኖቱ ይለያል፤ ዳቦውና ቡናው ግን የጋራ ነው። የልደት በዓል በትምህርት ቤት ሲከበር ሙስሊሙ ልጅ እንደ ተመልካች ሳይሆን እንደ ባለቤት እንዲቀመጥ፣ በረመዳን ጊዜም ክርስቲያኑ ልጅ በጾመኛው ጓደኛው ፊት እንዳይበላ ማስተማር ለመምህሩ ከሰዋስው ያነሰ ሥራ አይደለም።

ከዚያም ጦርነቱ መጣ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ ቆየች፤ በአካባቢው የመማሪያ ቁሳቁስ ተዘረፈ፣ ወንበሩም ተሰባበረ። ከመኖሪያቸው የተፈናቀሉ ወገኖች በሀብሩ ወረዳ በጃራ መጠለያ ሰፈሩ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭትም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። ትምህርቱ ሲቋረጥ የሚጎድለው ፊደሉ ብቻ አይደለም። አንድ ልጅ ከሌላው ጋር ቁራሽ የሚካፈልበት፣ የተፈናቃዩ ልጅ ከአገሬው ልጅ ጋር ወንበር የሚጋራበት ብቸኛ ስፍራም አብሮ ይዘጋል።

ስለ ልጅቱ ነገር ልጨርስ። በሚቀጥለው ዓመት ኅብረቱ ሲሰበሰብ ቃለ ጉባኤውን አንብቤ ጥፋቱን በራሴ ላይ አደረግሁ። ገንዘብ ያዡ ግን በቀላሉ አልተቀበለኝም፤ «ያልከፈለ ከበላ በሚቀጥለው ዓመት ማን ይከፍላል?» አለኝ። ጥያቄው ከባድ ነበር፤ በቂ መልስም አልነበረኝም። በመጨረሻ አንዲት አረጋዊት እናት፣ ወንድማቸው የቆሎ ተማሪ እንደ ነበረ ጠቅሰው፣ የአኮፋዳውን ነገር አነሡ። ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ክዳን ያለው ትልቅ ሙዳይ ይቀመጥ፣ ልጁ ሁሉ ከቤቱ የተገኘውን፣ ስንዴም ቢሆን ሽምብራም ቢሆን፣ እጁን አስገብቶ ያኑር፣ ምንም የሌለውም እንደ ሌላው እጁን አስገብቶ ያውጣ፣ ማን ምን እንዳደረገ የሚያይ አይኑር አሉ።

በዚያ ዓመት ቆሎው ተርፎ ለጥበቃውም ደረሰ። ልጅቱ አራተኛ ክፍል ሆና ነበር። እጇን ከሙዳዩ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ አቆይታ አወጣችና ወደ ሰልፉ ገባች። ምን እንዳኖረች አልጠየቅኋትም።