ተጨማሪ መረጃ፦ የሠዓሊው ፊት የት አለ?

በላስታ፣ በላሊበላው ቤተ ማርያም ግድግዳ ላይ ቅዱሳን ይታያሉ፤ የሣላቸው ሰው ግን ፊቱን አልተወልንም። በነባሩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከቅዱሳኑ ጎን ቦታ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ ነው፤ እሱም ከእግራቸው ሥር ተደፍቶ። በዚህ ሥርዓት ያደገ ሠዓሊ የራሱን ፊት ሸራው መሃል ሲያኖር፣ አንዳች የተቃውሞ ቃል ባይጽፍም፣ መታየት የሚገባው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ይህን ትዕቢት ነው የሚሉ አሉ፤ ትሕትና ትልቅ ዋጋ ባለው ባህል ውስጥ ስጋታቸው ክብደት አለው። ሆኖም የአንኮበሩ ተወላጅ ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ የአዲስ አበባውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በሥዕል አስጌጧል፤ የራሱን ምስልም ሥሏል፤ ይኸው ሥዕል በ1981 እ.ኤ.አ. የፍሎረንሱ ኡፊዚ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገብቷል። ሁለቱንም የሠራው አንድ እጅ ነው።