ቬሮኒካ ማርስ ከቴሌቪዥን ወደ መጽሐፍ

ከአሜሪካ የወጣቶች ድራማዎች መካከል አድናቂዎቹ እንደ «ቬሮኒካ ማርስ» የሙጥኝ ያሉት ጥቂት ነው። ድራማው ከ2004 እስከ 2007 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሦስት ሲዝን 64 ክፍሎች ታይቶ ተመልካች አነሰው ተብሎ ተቋረጠ። ሰባት ዓመት ቆይቶ ያቺው ባለታሪክ በልቦለድ ተመለሰች። አንባቢዎች በዚህ ልቦለድ ላይ የተከራከሩበት ጉዳይ ከቴሌቪዥን የሚቀዳ መጽሐፍ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያል። ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁትም ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ ድራማውን ላላዩ። ታሪኩ የሚፈጸመው ኔፕቲዩን በምትባል፣ ካሊፎርኒያ ጠረፍ ላይ ባለች የፈጠራ ከተማ ነው። በከተማዋ የሚኖሩት ባለ ሚሊዮኖችና የባለ ሚሊዮኖቹ ሠራተኞች ናቸው፤ በመካከል ያለ ኑሮ የለም። ቬሮኒካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። የቅርብ ጓደኛዋ ሊሊ ኬን ተገድላለች። የከተማዋ ሸሪፍ የነበረው አባቷ ኪት ደግሞ የሟቿን ሀብታም አባት በመጠርጠሩ ከሹመቱ ወርዷል፤ እናቷ ጥላቸው ሄዳለች። አባት የግል የምርመራ ቢሮ ይከፍታል፤ ልጅም ከትምህርት ቤት መልስ ካሜራዋን አንግታ የሰው ምስጢር ትከታተላለች። ክሪስቲን ቤል የተወነቻት ይህች ልጅ፣ ምስሉ እየታየ እሷ ከበስተጀርባ ታሪኩን በራሷ አንደበት ታወራለች። ምላሷ ስል ነው፤ ሐዘኗን ሳይቀር በቀልድ ትሸፍነዋለች። ብዙ ተመልካች የወደዳት በዚህ ትረካዋ ነው፤ ይህን ያዙልኝ።

የድራማው ፈጣሪ ሮብ ቶማስ ወደ ቴሌቪዥን ከመግባቱ በፊት ቴክሳስ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር፤ በ1996 «ራትስ ሶው ጎድ» የተሰኘ የወጣቶች ልቦለድ አሳትሟል። «ቬሮኒካ ማርስ»ም ሲጠነሰስ ለወጣቶች የታሰበ ልቦለድ ነበር፤ ያኔ መርማሪው ወንድ ልጅ ነበር። ሐሳቡ ሳይጻፍ ቀርቶ ቆይቶ በቴሌቪዥን ሲወለድ ባለታሪኩ ሴት ሆነች። ስለዚህ በ2014 የወጣው መጽሐፍ ለደራሲው ወደ ቀድሞ ሙያው መመለስ ነበር።

መጽሐፉን ያስገኙት አድናቂዎቹ ናቸው ማለት ይቻላል። ማርች 2013 ላይ ቶማስና ክሪስቲን ቤል ፊልም ለመሥራት በኪክስታርተር አማካይነት ከሕዝብ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ጠየቁ። ገንዘቡ አንድ ቀን ሳይሞላ ተገኘ፤ መዋጮው ሲዘጋ 91,585 ሰዎች ወደ 5.7 ሚሊዮን ዶላር አዋጥተው ነበር። ፊልሙ ማርች 14 ቀን 2014 ለእይታ በቃ፤ ልቦለዱ ደግሞ በአሥራ አንደኛው ቀን በቪንቴጅ አሳታሚ በኩል ተከተለ። አንባቢው ከኪሱ አውጥቶ ያስነሣት ልጅ ናትና አስተያየቱ ላይ የባለቤትነት ስሜት ቢበረታ አይገርምም።

ቶማስ ከጄኒፈር ግራሃም ጋር የጻፈው ይህ የመጀመሪያ መጽሐፍ «ዘ ታውዘንድ ዶላር ታን ላይን» ይባላል። ቬሮኒካ አድጋለች፤ ኒውዮርክ ይጠብቃት የነበረውን የጥብቅና ሥራ ትታ በመኪና አደጋ የተጎዳውን አባቷን ቢሮ ተረክባለች። ለዕረፍት በሺዎች ሆነው ወደ ኔፕቲዩን ከጎረፉት የኮሌጅ ተማሪዎች አንዷ፣ ሄይሊ ዴዋልት፣ ከአንድ ጭፈራ ቤት ከመሰለ ቪላ እንደወጣች አልተመለሰችም። ሸሪፉ ነገሩን ችላ ሲል ገበያቸው የቀዘቀዘባቸው የከተማዋ ነጋዴዎች ቬሮኒካን ይቀጥራሉ።

ታዲያ አንባቢው ምን አለ? ትልቁ ቅሬታ የአተራረኩ አንጻር ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በሦስተኛ መደብ ነው። በቴሌቪዥን «እኔ» ብላ ስታወጋ የኖረችው ልጅ በገጹ ላይ «እሷ» ሆነች። አንዳንዶች «ቀልዷ በንግግሯ ውስጥ አለ፣ ይበቃናል» ብለው ተቀበሉት። ሌሎች ሥራውን በደንብ የተጻፈ የወንጀል ልቦለድ ብለው ቢያመሰግኑትም ቬሮኒካን ከሩቅ እንደሚያዩአት ተሰምቷቸዋል። ድራማውን ሳያዩ መጽሐፉን ያነሡ ሰዎች ግን ነገሩ አላስጨነቃቸውም፤ ያልሰሙት ድምፅ ሊናፍቃቸው አይችልም።

እኔ ከቅሬታ አቅራቢዎቹ ጋር ነኝ። ሬዲዮ ላይ በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሰማ ሰው ኋላ መጽሐፉን ሲገልጥ የሚሰማው የወጋየሁ ድምፅ ነው፤ ጆሮ አንዴ የለመደውን አይለቅም። የ«ቬሮኒካ ማርስ» ደራሲያን ይህ ጸጋ በእጃቸው ነበር። አንባቢው የክሪስቲን ቤልን ድምፅ ጆሮው ውስጥ ይዞ ነው የመጣው፤ «እኔ» ቢሉት ኖሮ ገና ከመጀመሪያው መስመር በሰማት። የመጀመሪያውን መጽሐፍ በድምፅ የተረከችው ራሷ ክሪስቲን ቤል መሆኗ ጉድለቱን በከፊል ሞልቶታል፤ ከማንበቡ ማዳመጡን የመረጡ ሰዎች ምክንያታቸው ይገባኛል።

ግን መጽሐፉ ከድራማው የበለጠበት ቦታም አለ፤ እሱም የእናትና የልጅ ነገር ነው። በመጀመሪያው ሲዝን ቬሮኒካ ለኮሌጅ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ሰካራም እናቷን ሊያን ለማሳከም ትከፍላለች። እናት ሕክምናዋን ሳትጨርስ ትወጣለች፤ መጨረሻ ላይም ቤተሰቡ በሽልማት ያገኘውን የ50 ሺህ ዶላር ቼክ ይዛ ትጠፋለች። ቴሌቪዥኑ ይህን ቁስል ከፍቶ ተወው። በመጽሐፉ ውስጥ ሌላ ልጅ፣ ኦሮራ ስኮት፣ ትጠፋለች፤ ቬሮኒካ ቤተሰቧን ለማነጋገር ስትሄድ የጠፋችው ልጅ እንጀራ እናት ሆና የምታገኛት የገዛ እናቷን ነው። ሊያን መጠጥ ትታለች፤ ባል አላት፤ ቬሮኒካ መኖሩን የማታውቀው ትንሽ ወንድ ልጅም አላት። መርማሪዋ ሥራዋን መሥራት አለባት፤ ለደንበኛ የሚጠየቀውን ጥያቄ እናቷን ትጠይቃለች፣ ሕፃኑንም ወንድሜ ልበለው አልበለው ብላ ትጨነቃለች። በቴሌቪዥን ይህ በፊት ገጽታ ብቻ ታይቶ በደቂቃዎች ያልፍ ነበር። መጽሐፉ ጊዜ ይሰጠዋል። ብዙ አንባቢዎች በዚህ ክፍል መነካታቸውን የተናገሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከቴሌቪዥን ድራማ መጽሐፍ መቅዳት በራሱ ከባድ ሙያ ነው። ድራማው ገና እየታየ የሚጻፍ መጽሐፍ ገጸ ባሕርያቱን ተበድሮ እንደነበሩ ይመልሳል፤ ዋናዋን መዳርም መግደልም አይፈቀድለትም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ«በፊ» ድራማ የተቀዱት ብዙ ልቦለዶች በዚህ ልጓም ውስጥ ነው የተጻፉት። ካናዳ ውስጥም ከ«ደግራሲ ጁኒየር ሃይ» ድራማ ተከታታይ መጻሕፍት ወጥተው ነበር፤ አራቱን የጻፈችው ሱሲን ኒልሰን መጀመሪያ ወደ ቀረጻው ቦታ የገባችው ለተዋንያኑ ምግብ አቅራቢ ሆና ነው። ኋላ የድራማውን ክፍሎች ጻፈች፣ በራሷ ልቦለድም የካናዳን የገዥ ጀነራል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት እስከ ማግኘት ደረሰች። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሥራ ፈት የጻፈው የገበያ ትርፍራፊ አድርጎ መናቅ ልክ አይደለም።

የቬሮኒካ መጻሕፍት ዕድል ይለያል፤ ድራማው ቆሞ ስለነበር ታሪኩን ወደፊት መግፋት ችለዋል። በጃንዋሪ 2015 የወጣው ሁለተኛው፣ «ሚስተር ኪስ ኤንድ ቴል»፣ ፖኒ የምትባል ቡችላ አስገባ፤ ድራማው በ2019 «ሁሉ» (Hulu) በተባለው የኢንተርኔት ቪዲዮ አገልግሎት ለአራተኛ ሲዝን ሲመለስ ፖኒም አብራ መጣች። የፍቅረኛዋ የሎጋን ነገር ግን አንባቢውን ለሁለት ከፈለው። በመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ በባሕር ኃይል ግዳጅ ላይ ስለሆነ በአብዛኛው በኮምፒዩተር መስኮት ብቻ ነው የሚገኘው፤ ለነሱ ፍቅር ብለው መጽሐፉን የገዙ አኮረፉ። በአራተኛው ሲዝን መጨረሻ ሎጋን በቦምብ ሲሞት ደግሞ ኩርፊያው ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ ታሪኩን በሁለተኛው መጽሐፍ ላይ አቁመው የቀረውን እንዳልተሠራ የሚቆጥሩ አድናቂዎች አሉ።

ለማንበብ ካሰባችሁ ከመጽሐፉ አትጀምሩ። ቢያንስ የመጀመሪያውን ሲዝንና ፊልሙን እዩ፤ የእናትየው ምዕራፍ ክብደት የሚኖረው ያኔ ነው። እንግሊዝኛ ማዳመጥ የማይከብዳችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን መጽሐፍ በክሪስቲን ቤል ትረካ ስሙት።